የጋሽ ብርሃኔ ሚሊዮን ማርክ

በዚህ በአሜሪካ መኪና ያለው ሰው የራሱ ቅዳሜ የለውም። ሳምንቱን ሙሉ ካሊፎርኒያ፣ ሳኒቬል ከተማ፣ ቢሮ ተቀምጬ ዓይኔ ሲፈዝ ይከርማል፤ ቅዳሜ ልተኛ ስል ስልኩ ይጮኻል። አንዱ ኤርፖርት ውሰደኝ ይላል፣ አንዱ ሶፋ ገዝቻለሁ ይላል። እምቢ አይባል ነገር፣ ሁሉም ታላቄ ነው። ደክሞኛል ብል ማን ይሰማኛል?

የዚያን ቅዳሜ ኮል ያደረጉልኝ ጋሽ ብርሃኔ ነበሩ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ኦክላንድ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰባን አልፏቸዋል። እግራቸው ስለሚያብጥ ጫማቸውን ጎትተው የሚያወልቁላቸው ባለቤታቸው እትዬ ምሕረት ናቸው። ሐኪሙ ይረፉ ብሏል። ኪራዩን ማን ይክፈል ታዲያ?

ጋሽ ብርሃኔ ግን የተማመኑት ነገር ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የአንድ ጀርመናዊ ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ የአባቱን የድሮ የጀርመን ብር፣ ማርክ፣ አንድ ፖስታ ሙሉ ሰጥቷቸዋል። አንዱ ላይ ሚሊዮን፣ አንዱ ላይ አምስት ሚሊዮን ተጽፎበታል። ባንክ እንደማይቀበለው ያውቃሉ። ጀርመኖች ገንዘባቸው ዋጋ ባጣበት በዚያ ዘመን ዳቦ ለመግዛት ብር በጋሪ ይገፉ እንደነበር ያስረዱኝም ራሳቸው ናቸው። “ግን አሮጌ ብር የሚሰበስብ ሰው አለ” ይሉኛል። “እሱን ካገኘሁ ሪታየር አድርጌ አርፋለሁ።” ይህን ስንት ዓመት ሰማሁ መሰላችሁ።

ሳንሆዜ ውስጥ የድሮ ገንዘብ የሚገዛ ሰው መኖሩን ሰሙና በመኪናህ ራይድ ስጠኝ አሉ። ሄድኩ። እትዬ ምሕረት በር ላይ ፖስታውን ሲያቀብሉኝ እጄን ሞቀኝ። ከጠዋት ጀምረው ብሩን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፣ በካውያ ተኩሰውታል ለካ። የተቀደደውንም በፕላስተር አጣብቀውታል። የተጨማደደ ብር ለሰው ይሰጣል እንዴ፣ ያሳፍራል አሉኝ። እኛ ለሙሽራ ስንሸልም እንኳ አዲስ ኖት ፍለጋ ባንክ እንሰለፍ የለ? እጅዎ ይባረክ ብዬ መኪናዬን አስነሳሁ። ምን ላውቅ?

880 አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆሟል። ጋሽ ብርሃኔ ፖስታውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሥራ የተዉ ዕለት የሚያደርጉትን ነገሩኝ። እግራቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው እስከ ምሳ መቀመጥ። ሚሊዮን የታቀፈ ሰው የሚመኘው ይህን ብቻ ነው? አሳዘኑኝ።

ገዢው ጨዋ ሰው ነው። መነጽሩን አድርጎ አገላበጠ። አብዛኛው ያኔ እንደ ጉድ ስለታተመ ዛሬም ሞልቷል፣ ሁሉም ተሰብስቦ ምሳ ቢያበላችሁ ነው አለ። አንዱ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። አንዲት ትንሽ ከተማ ለራሷ ያሳተመችው፣ እንደልብ የማይገኝ ኖት ነው። ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ሰብሳቢ የሚፈልገው ወረቀቱ እንደነበረ ሲቀር ነው፣ ከነእጥፋቱ ከነእድፉ። የታጠበና የተተኮሰ ማንም አይገዛም። ሳይነካ ቢመጣ የዓመት ኪራይ ያወጣ ነበር አለን። ማን ተኮሰው ብሎ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ብርሃኔ እንዲሁ ነው ያገኘሁት አሉት።

ስንመለስ መንገድ ላይ ሄይዋርድ ስንደርስ ፖስታውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ “ምሕረት እንዳትሰማ” አሉኝ። “ያለው ዋጋ አልጣመኝም፣ አልሸጥም ብዬ መጣሁ እላታለሁ።” እሺ አልኩ። እንዲህ ያለው ውሸት እንዴት እምቢ ይባላል?

አሁን ጉዱን ስሙ። ወሬው በአበሻው መሀል ወጣ። ስንት ቢሰጧቸው ነው አልሸጥም ያሉት ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ብርሃኔ ሀብታም ሆነው አረፉት። ለመዋጮ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው፣ ለሠርግ ፊት የሚቀመጡት እሳቸው። በመጨረሻ እዚሁ አጠገባችን ዳብሊን የሚኖር አንድ አበሻ ደወለልኝ። ያን ሁሉ ሀብት ይዘው ፓርኪንግ መቆማቸው ስስት ነው፣ የእህቴ ልጅ ገና መምጣቱ ነው፣ ሥራውን ይልቀቁለት፣ አንተ ትቀርባቸዋለህና ንገራቸው አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ብናገር በማግስቱ እትዬ ምሕረት ጋ ይደርሳል። እሺ ብዬ ዘጋሁ።

ይቆጣሉ ብዬ እየፈራሁ ሥራ ቦታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ግድግዳ ተደግፈው፣ የጫማቸውን ማሰሪያ እያላሉ ሰሙኝ። ከሳንሆዜ ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ሳቁ።

“ከሐኪሙ ሌላ ‘ይብቃህ፣ እረፍ’ ያለኝ እሱ ብቻ ነው” አሉ። “አመስግንልኝ።”