ከማን በኩል ነው የሚጮኸው?

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል። ጎማ አድማጭ የሌለበት ሰፈር ግን አላህ አልፈጠረም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ መኪናው ውስጥ ገብተህ ወሬ ልትጀምር ስትል እጁን ያነሳና «እስቲ ዝም በል!» ይልሃል። ሬዲዮውን ያጠፋል፣ አንገቱን ያሰግጋል። አንተ የሰማኸው የራስህን ሆድ ነው። እሱ የሰማው የጎማውን ኩሽኔታ ነው።

የደሴው ጎማ አድማጭ ክቡርነታቸው ጋሽ ሀምዱ ናቸው። ፒያሳ ቆመው በሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ ላይ ፍርድ ይሰጣሉ። ሲፏጭ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ ዱብ ዱብ ሲል ጎማው አብጧል፤ እንደ ንብ ሲያጉረመርም ኩሽኔታ ነው። አንዴ የሠርግ አጀብ አስቁመው ሙሽሪትን ከነቬሏ አስወረዷት። ጎማው ጥርስ ውስጥ የገባ ጠጠር ነበር። ጠጠሩን በእስክርቢቶ ፈልቅቀው ለሙሽራው ሰጡትና «አላልኩም?» አሉ።

«አላልኩም?» የሳቸው ማኅተም ናት።

የራሳቸው ነጭ አሮጌ መኪና ግን ከፊት ጎማዎቹ ባንዱ ለዘመናት ስታጉረመርም ኖረች። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከባለቤታቸው ከእትዬ ሳፊያ ጋር እህታቸውን ሊጠይቁ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ገና ከደሴ ሳይወጡ ይጀመራል።

«ካንቺ በኩል ነው» ይላሉ ጋሽ ሀምዱ፣ መሪውን እንደያዙ።

«ኧረ ወላሂ ካንተ በኩል ነው!» ይላሉ እትዬ ሳፊያ፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው።

«ደሞ አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?»

«አንተን አውቃለሁ፤ ይበቃኛል።»

የሐረጎ መንገድ ደግሞ ገላጋይ አይሆንም። ሲጠማዘዝ ተራራው አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ነው፤ የጎማው ድምፅ ከድንጋዩ ተላትሞ ባልሆነ በኩል ይመለሳል። ይሄን ፊዚክስ ይሉታል አሉ፤ እኔ ፊዚክስ ሳይደርስብኝ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት። ብቻ ኮምቦልቻ እስኪገቡ ይሟገታሉ፣ ሲመለሱም ይደግሙታል። ጋራዥ ይታይ ቢባሉ ሁለቱም አይፈልጉም። እንዲህ ያለ ሙግት በየት ይገኛል?

በሸዋል ወር እትዬ ሳፊያ ሞቱ። ድምፁ ቀረ። የሳቸው ማለቴ ነው፤ የጎማውማ ባሰበት።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሀምዱ መንገደኛ በነፃ መጫን ጀመሩ። ሚኒባስ የሚጠብቅ ሰው መኪናቸውን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ያመለጣቸው የለም። የእትዬ ሳፊያ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፣ መስኮቱን ይከፍቱለታል፣ «ከማን በኩል ነው?» ይሉታል። አንዱ ቶሎ ልገላገል ብሎ «ከሁለቱም በኩል ነው ጋሼ» አላቸው።

«እሱማ አይሆንም» አሉት ቀስ ብለው። «ልክ የሆነው አንዳችን ብቻ ነው።»

መካኒኩ ሚስባህ ለመናቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሐረጎ ላይ ቢነቀል ገደል ነው። አምጧትና ልክፈታት።»

«ቆይ እስቲ፣ ኢንሻአላህ።»

ሁላችንም ገብቶናል። ከተከፈተች ሙግቱ ያልቃል።

ያስከፈተቻቸው ልጃቸው ሀናን ናት። ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ እናቴን ቀብሬያለሁ። እኔ እዚህ መኪና ውስጥ አልገባም፤ አንተም አትገባም» ብላ ቁልፉን ተቀበለቻቸው።

ጎረቤት ነኝና ጋራዥ አብሬ ሄድኩ። ሚስባህ መኪናዋን በክሪክ አነሳ። መጀመሪያ የሹፌሩን በኩል፣ ግራውን ጎማ በእጁ አሽከረከረው። እንደ ሐር ዞረ። ትንፍሽ አላለም። ጋሽ ሀምዱ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀኙን ሲያሽከረክረው ግርርር አለ።

በእትዬ ሳፊያ በኩል ነበር። ጋሽ ሀምዱ ረትተዋል።

«አላልኩም?» እስኪሉ ጠበቅን። አላሉም። ለማን ይበሉት? የተጣለ ጎማ ላይ ቁጭ አሉና መሬት መሬቱን አዩ።

«ሚስባህ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ሰው ከጠየቀህ ከኔ በኩል ነበር በል።»

«ጋሼ! በውሸት ወላሂ ልበል?»

«ወላሂ አትበል። ዝም ብለህ በል።»

ኩሽኔታው ተቀየረ። በጁምዓው ኮምቦልቻ ጉዳይ ነበረኝና ጫማዬን ሳላስር ገባሁ። መኪናዋ ጸጥ ብላለች። ሐረጎ ስንደርስ እጃቸው ሬዲዮውን ሊያጠፋ ተዘረጋ። ሬዲዮው ፊቱኑም አልተከፈተም ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ያንን እጅ ማየት አልቻልኩም። አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።

«ጋሼ፣ እስቲ ዝም ይበሉ!»

«ምን ተናገርኩ?»

«የሆነ ነገር ይሰማኛል።»

ፍጥነት ቀነሱ። «ከማን በኩል?» አሉ።

«ከርስዎ በኩል።»

ወላሂ አላልኩም። ዝም ብዬ ነው ያልኩት።

ጋሽ ሀምዱ መስኮታቸውን ከፈቱ። አዳመጡ፣ አዳመጡ። ከዚያ በክንዳቸው ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉና፣

«ሂድ ወዲያ! ካንተ በኩል ነው» አሉኝ።

ኮምቦልቻ እስክንገባ ተሟገትን።