ጭብጦ ቢሉ ጭብጥ

ታሪክ ባለውለታውን አያውቅምና ለደሴው የፓርቲ ጽሕፈት ቤት እስከ ዛሬ ሐውልት አልቆመለትም። እኔ ይህን ግፍ ነው እላለሁ። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሰማዩ ነሐስ፣ ምድሩ አመድ በሆነ ጊዜ፣ ይህ ጽሕፈት ቤት «ረኀብ» የሚለውን ቃል ከግቢው አስወጥቶ በምትኩ «ጊዜያዊ የእህል አለመመጣጠን» የሚል አስገባ። በቃሉ መውጣት ብቻ ስንቱ ሰው ሳይራብ ቀረ! ሞተ የተባለ ቢኖር እንኳ ሳይመጣጠን ነው የሞተው።

ከሐረጎ ቁልቁለት በታች፣ ኮምቦልቻ ዳር ባለው መጠለያ ግን የቃሉን መከልከል ያልሰሙ ሕፃናት ነበሩ። ነርሷ ሲስተር አረጋሽ ገብስ እያስቆላች፣ ሽምብራ እየጨመረች፣ አስፈጭታ በዘይትና በስኳር ታሽና ጭብጦ ታደርገዋለች። ቆዳቸው ከአጥንታቸው ለተጣበቀ ልጆች ጭብጦውን በወተት አሟሙታ ጥቂት ጥቂት በማንኪያ ትሰጣለች። ከሪማ ከደሴ ዙሪያ አዝላው የመጣችው ሸረፈዲን፣ ያን ሰሞን ፊቱ ላይ ያረፈውን ዝንብ እሽ ማለት ያቃተው ልጅ፣ ውሎ አድሮ ማንኪያውን በእጁ ይዞ አልለቅም ማለት ጀመረ። እናቱ በደስታ አለቀሰች። ልክ በዚያው ሰሞን ገብሱ አለቀ፤ ወፍጮውም ተበላሸ።

ሲስተር አረጋሽ ወደ ደሴ ስልክ መታች። ቃሏ ከኮምቦልቻ ስትነሣ ሙሉ ነበረች። ሐረጎን ስትወጣ ግን እንደማንኛውም መንገደኛ ደክሟት ሳይሆን አይቀርም፣ ጫፏን ጣለች። «ጦ» ብላ ወጥታ «ጥ» ሆና ገባች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጭብጦ አልቆብናል!»

«ጭብጥ?» አሉ ሊቀመንበሩ ጓድ ቀለሙ።

«አዎ! ልጆቹ ያለሱ አይተርፉም!»

ጓድ ቀለሙ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። የስልኩን አፍ በእጃቸው ከድነው «ጓዶች፣ ሰፊው ሕዝብ ጭብጥ ጠምቶታል! ሕፃን ሳይቀር!» አሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሰው «ምን ዓይነት ይላክ?» ሲሉ ጠየቁ።

«የተፈጨ ይሁን! ልጆቹ እንዲውጡት ደቀቅ ይበል!»

«የተብላላ፣ የደቀቀ» ብለው አጻፉ ጓድ ቀለሙ። እንዲህ ያለ ንቃት ከነርስ አልጠበቁም ነበር።

እህል ሊጭን በር ላይ የቆመው መኪና እህሉን ትቶ አትሮኖስ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቀይ ጨርቅና ካድሬውን ጓድ በላቸውን ጫነ። ስማቸው እንዳያሳስታችሁ፤ የሚበላ ነገር አልያዙም።

መጠለያው መኪናውን ሲያይ እልል አለ። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰለፉ። ጓድ በላቸው አትሮኖሱ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የዛሬው ጭብጣችን በአምስት ይከፈላል!»

«የኔ ጌታ» አለች ከሪማ ሸረፈዲንን ከፍ አድርጋ፣ «ለኔስ ልጅ አንዱ ክፋይ ይበቃዋል። ወላሂ እሱንም አይጨርሰው።»

«ትዕግሥት፣ እናቴ። አንደኛው ክፍል መሠረቱን ይመለከታል።»

«መሠረቱማ ገብስ ነው፤ ሽምብራም ይገባበታል።»

«ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው!»

«አጃኢብ! መጨረሻ ላይ ልጁ የታለና!»

ጓድ በላቸው «የእናቶች ተሳትፎ ከፍተኛ ነው» ብለው አስመዘገቡና ወደ ሁለተኛው ክፍል አለፉ።

ከከሪማ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት እናት አትጠገብ የምትባል ሴት ልጅ ታቅፋ ነበር። በጥሩ ዘመን የተወለደች፣ ዐይን የማይጠግባት ነበረች ይባላል። ሦስተኛው ክፍል፣ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሤራ የሚያወሳው፣ ሳይጋመስ ሞተች። ስሟ እንደዚያ ነበርና ሳትጠግብ ሄደች። በዚህ ላይ ማሾፍ አልችልም፤ ሞክሬ አቃተኝ። ጓድ በላቸው በእናቲቱ ጩኸት ንግግራቸውን አላቋረጡም፤ የድምፅ ማጉያውን ከፍ አስደረጉ።

በማግሥቱ ጓድ ቀለሙ ድሉን ለበላይ አካል አዲስ አበባ ድረስ በስልክ አሰሙ፦ «በኮምቦልቻ ለእናቶችና ለሕፃናት ጭብጥ ታድሏል! ሁሉም ወስደዋል!» መስመሩ ረጅም ነው። ሐረጎ ላይ ጫፏን የጣለችው ቃል እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ጣርማ በር ላይ ሌላ ጫፍ አገኘች።

«ጭብጦ?» አሉ የበላይ አካል። «ግሩም ነው! ለተጎዱ ልጆች፣ ከራሳችን እህል! እንግዶች ይዘን እንመጣለን፤ እዚያው ከልጆቹ ጋር እንቀምሳለን።»

«ምኑን ነው የምትቀምሱት?»

«ጭብጦውን ነዋ!»

ቀለሙ ቀለም አጡ። ግን መሪ መሪ ነው። «ጥናት ይደረግበት» ተብሎ ተቆልፎ የኖረው መጋዘን ዕለቱን ተከፈተ። ገብሱ ተቆላ፣ ሽምብራው ተከካ፣ የደሴ ወፍጮዎች ሌላ ሥራ አቁመው ሲያጓሩ ዋሉ። ጓድ ቀለሙ ራሳቸው ከዱቄቱ ጋር ተጭነው ወረዱ።

ሲስተር አረጋሽ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «ጭብጦ ነበር እኮ ያልኩዎት» አለች።

«ሰምቻለሁ፣ ጓዲት። ቅደም ተከተል ጠብቀን ነው። መጀመሪያ ጭብጥ፣ ቀጥሎ ጭብጦ።»

«አንዷ ቅደም ተከተሉን አልጠበቀችም» አለችና ዱቄቱን ልታወርድ ሄደች።

እግዜር ሲረዳ እንግዶቹ የሚመጡበትን ቀን አራዘሙ። ከዚያም ደግመው አራዘሙ። ነገ ቢመጡስ እየተባለ መኪናው በየቀኑ ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ይዞ ይወርዳል። እንዲያ ያለ የተባረከ መዘግየት አይቼ አላውቅም። ልጆቹ ጉንጭ አወጡ። ሸረፈዲን የመኪናውን ድምፅ ለይቶ አወቀ፤ ገና ከሩቅ ሲሰማ አፉን ይከፍታል፤ እናቶቹም ይስቃሉ።

በመጨረሻ እንግዶቹ መጡ። ጭብጦውን ቀመሱ፣ ደገሙ፣ «የአገር ምግብ የመሰለ የለም» አሉ፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። በማግሥቱ መኪናው አልመጣም። በሣልስቱም አልመጣ። ሸረፈዲን በሰማው የመኪና ጥሩንባ ሁሉ አፉን እየከፈተ ይዘጋል።

ከሪማ ነገሩ ገባት። ሴቶቹን ሰብስባ እጇን ለዱዓ ዘረጋች። «ያረቢ! እህል ስጠን ብለን አናስቸግርህም። ብቻ እንግዳ አታሳጣን!»

«አሚን!» አሉ እስላሞቹ። «አሜን!» አሉ ክርስቲያኖቹ። የአትጠገብም እናት አሜን አለች።

ዱዓው ደሴ ድረስ ተሰማ። ጓድ ቀለሙ ልባቸው ተነካ። «አያችሁ? የወሎ ሕዝብ በዚህ ሁሉ መሀል እንኳ የሚመኘው እንግዳ ነው!» አሉና «የሕዝባችን እንግዳ ወዳድነት» በሚል ርእስ አዲስ ጭብጥ አስነደፉ። ጓድ በላቸው ተጠሩ። አትሮኖሱ፣ ድምፅ ማጉያውና ቀዩ ጨርቅ ተጫኑ፤ መኪናውም ሐረጎን ቁልቁል ወረደ።

ሸረፈዲን ድምፁን ከሩቅ ለይቶ አፉን ከፈተ።