ሚስቴ ከመድረክ ወጥታ የቀረችበት እሁድ

አቦ፣ ምን እንደደረሰብኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም!

እሺ፣ ዛሬ አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ ነው። ግን ወላሂ፣ ይህን ፖስት ስጽፍ እንኳ ፊቴ እንደዚያን ቀን ይግላል።

ያኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ የንግድ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ቬራንዳ ያለው ቤት፣ ፎቴ፣ ፍሪጅ... አዎ፣ ፍሪጅ! ሰፈሩ በሙሉ በረዶ የሚለምነው እኛን ነበር።

ባለቤቴ ዘሃራ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። ታይፕ ተምራለች። አንድ ክሊኒክ "ታይፒስት እንፈልጋለን፣ ነይ" አላት።

እኔ ምን አልኩ?

"ምን ጎደለሽ?"

ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። እሷም ቬራንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ከጣቢያው የሚመጣውን የባቡር ጩኸት እየሰማች ዝም አለች።

እኔ ደሞ ዝምታዋ እሺታ መስሎኝ ቴአትር ጻፍኩ!

ርዕሱ? "ምን ጎደለሽ?" (አትሳቁ!)

ሁሉ ነገር የተሟላላት ሚስት ነፃነት ያምራታል። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ድረስ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ "ቤቴን ትቼ የት እገባለሁ?" ብላ፣ አልቅሳ ትመለሳለች። መጋረጃ። ጭብጨባ።

ባልየውን የሚጫወተው ማን መሰላችሁ? እኔው ነኛ!

ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙሉ በሙቀቱ ጥቅልል ብሎ ሲተኛ፣ እኔ ቤቴ ውስጥ እለማመዳለሁ። የሚስትየዋን ቃል የምታነብልኝ ዘሃራ ነበረች።

እሁድ ከሰዓት ደረሰ። ቴአትሩ የሚታይበት አዳራሽ ጢም ብሏል። አለቃዬ ከነቤተሰቡ ፊት ወንበር ላይ ነው። በቴአትሩ ሚስቴን ሆና የምትጫወተው አስተማሪ አልማዝ መጣች...

ጆሮ ደግፍ! ጉንጯ ፊኛ አክሏል!

ሩጫ ወደ ቤት። "ዘሃራዬ፣ ቃሉን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ሰዓት ብቻ!"

ቀና ብላ አየችኝ። "ለአንድ ሰዓት ከሆነ ይቻላል ማለት ነው?"

ጥያቄው አልገባኝም። የጨነቀው ሰው ምን ይገባዋል?

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ሕልም ነው። ከካርቶን የሠራነው መስኮት፣ ቢጫ አምፖል፣ ጣሪያው ላይ እያንቀላፋ የሚዞረው ቬንቲሌተር... ዘሃራ መናገር ስትጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ። ቃሉ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከሷ አፍ ሲወጣ ግን ሰምቼው የማላውቅ ነገር ሆነብኝ። ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጋ አንብባው አታውቅም።

ወይስ አንብባዋለች? እንጃ። እኔ የራሴን ተራ ስጠብቅ ነበር።

መጨረሻው መጣ። ሻንጣዋን አነሳች።

"ምን ጎደለሽ?" አልኩ፣ በትልቁ ድምፄ።

በሩ ጋ ቆመች። አሁን ታለቅሳለች።

አላለቀሰችም። ዞር ብላ፣ ቤት ውስጥ በምታወራበት ድምፅ፣ "እኔ እንጃ፤ እስቲ ወጥቼ ልየው" አለች።

ወጣች!

ጠበቅኩ። አሳልኩ። "ምን ጎደለሽ?" አልኩት፣ በሩን። መጋረጃ ሳቢው የሚጠብቀው የሷን ለቅሶ ነው። ለቅሶ የለም፣ መጋረጃም የለም!

ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ ከኋላ አንድ የመጋላ ጨርቅ ነጋዴ ጮኸ፤ "ወሪያ! አንተ ሰውዬ! እዚያ ቆመህ ማንን ነው የምትጠይቀው? ተከተላታ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ይጠርጋል!

ከነተለጣፊ ጺሜ ወጣሁ።

መንገዱ ባዶ ነው። የከዚራ ዛፎች ጥላቸውን ጥለዋል፤ ነፋሱ ለስለስ ብሏል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሻንጣው እግሯ ሥር፣ እጇ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ። ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

"ተናደድክ?"

"ሰው ሁሉ ሳቀብኝ!"

"በኔ ግን ማንም አልሳቀም" አለች፣ ለራሷም ገርሟት። "ነገ ክሊኒኩ እሄዳለሁ።"

ሻንጣውን አየሁት። እውነት ልብስ ይኖርበት ይሆን?

"ቤትስ?" አልኩ። ድምፄ ቀጥኗል። "ትመለሻለሽ?"

ለውዝ ፈለፈለች። ግማሹን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ያቺን ጥያቄህን ከተውካት።"

ተውኳት። ቀስ እያልን፣ ለውዛችንን እየበላን ወደ ቤት ሄድን። እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ እሷ ወደ ክሊኒኩ፣ እኔ ወደ ቢሮ። አንገቴን ደፍቼ ስገባ አለቃዬ ከወንበሩ ተነሣ፤ "ያ መጨረሻ! ሴትየዋ ወጥታ ስትቀር! ባልየው ለበሩ ሲያወራ! እንዴት አድርገህ አሰብከው?"

እኔም ኮሌታዬን አስተካክዬ፣ "ብዙ ደክሜበታለሁ፣ ጌታዬ" አልኩ!

ምን ላድርግ ታዲያ? እናንተ ብትሆኑ "ሚስቴ የምሯን ነው የወጣችው" ትሉ ነበር?!