ሹሩባ የተሠራው የአፍጋን ውሻ

ውሻ አበጥራችሁ ታውቃላችሁ? አትሳቁ፤ ጥያቄዬ የምር ነው። በደርጉ ዘመን፣ ባሕር ዳር ሒሳብ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ የራሴን ጠጉር ሳላበጥር ክፍል የገባሁበት ቀን ብዙ ነው፤ ውሻዬን ሳላበጥር የዋልሁበት ቀን ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ፈረንጅ መምህር ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ውሻውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ለምን እኔን እንደ መረጠ እስከ ዛሬ በእርግጥ አላውቅም። ምናልባት ባገኘኝ ቁጥር ፈገግ ስለምልለት ይሆናል። እኔ ፈገግ የምለው እንግሊዝኛው ሲያጥረኝ ነው፤ እሱ ግን ውሻውን ስለምወደው መስሎታል። አንድ ማበጠሪያና ግማሽ ጠርሙስ ሻምፑ አስረከበኝና አደራውን ነገረኝ። በየቀኑ አበጥረው፣ በየሳምንቱ እጠበው፣ ከገመድ ግን እንዳትፈታው አለኝ። የአፍጋን ውሻ የሚሮጥ ነገር ዓይኑ ውስጥ ከገባ አገር ለቆ ነው የሚሄድ።

መልኩን ልንገራችሁ። ቁመቱ የጥጃ፣ ወገቡ የጾመኛ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ጠጉሩ ከጆሮው እስከ እግር ጣቱ የሚወርድ ሐር። ሰው አያይም፤ ከሰው በላይ አሻግሮ ነው የሚያይ። ስሙ ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነበር። ፈረንጁ በቋንቋው "ልዑል" እያለ ነበር የሚጠራው። እስኪ በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ቆማችሁ "ልዑል! ልዑል!" እያላችሁ ተጣሩ! "ጓድ" እንዳልለው የባሰ ጣጣ ነው። በመጨረሻ "ና" ብቻ እያልን ቀረን፤ ስሙም ይኸው ሆነ። እሱም አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም።

ሻምፑው ወዲያው አለቀ። ሳሙና ደግሞ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር የምናገኘው፤ የቤተሰቡን ድርሻ ውሻው ብቻውን ጨረሰው። ባለቤቴ አልጋነሽ፣ ወይ እኔ ልታጠብ ወይ ውሻው ይታጠብ፣ ምረጥ አለችኝ። ምን ይመረጣል? ጣና ዳር እየወሰድሁ በባዶ ውኃ አጥበው ጀመር። እርጥብ ሲሆን ያ ሁሉ ግርማው ይጠፋና ቀጭን እንጨት ይመስላል። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ይስቁብኛል። አንደኛዋማ፣ "ኧረ የውሻውን ግማሽ ጣና ውስጥ ረስተኸው ወጣህ!" አለችኝ።

ባዶ ውኃ ግን ጠጉሩን አደረቀው። ተቋጠረ። የማበጠሪያው ጥርስ አንድ በአንድ ረገፈ። ግራ ገብቶን ሳለ አማቴ እማማ የሻረግ ከዱርቤቴ ሊጠይቁን መጡ። ውሻውን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ "ምን አድርጓችሁ ነው እንዲህ የምትበድሉት? ጠጉሩ እኮ ቅቤ ጠምቶት ነው!" አሉ። ለእኛ ያመጡትን ለጋ ቅቤ ፈቱና ከአናቱ እስከ ጅራቱ ቀቡት። የተማርሁ ሰው ነኝና ልቃወም አስቤ ነበር። አማትን ግን ማን ይቃወማል?

በማግሥቱ ይዤው ስወጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተሰልፎ ተከተለን። ሊነክሱት መስሎኝ ድንጋይ አነሣሁ፤ ለካስ ሊልሱት ኖሯል! አንዱ ጆሮውን፣ አንዱ ጭራውን እየላሰ እስከ ገበያ ሸኙን። እማማ የሻረግ ይህን ሲሰሙ መላ አላጡም፤ ጠጉሩን ጎንጉነው ሹሩባ ሠሩት። ቅቤውም ወደ ውስጥ ገባ፣ ጠጉሩም መቋጠሩን ተወ። ደግሞ አማረበት! እኔም ያን ሰሞን ወደድሁት፤ ምን አስዋሸኝ?

የሚያምር ነገር ግን ዓይን ይስባል። በቀጣዩ የቀበሌ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ ጓድ ደምስ ተነሡና ሰፈሩ በውሻ ተጥለቅልቋል አሉ። ሥራ የሌለው ውሻ መርዝ ይሰጠዋል። በሚመጣው እሑድ ባለ ውሻ ሁሉ ውሻውን ይዞ ይመጣል፤ ጮኾ ዘበኛነቱን ያስመሰከረ ይተርፋል። "ሰፊው ሕዝብ ለወጡ ቅቤ ባጣበት ሰዓት ቅቤ የሚቀባ ውሻ እንዳለም ደርሰንበታል" አሉና ወደ እኔ አዩ።

ክው አልሁ። እንደ ምንም እጄን አወጣሁና ውሻው ከወንድም ሶሻሊስት አገር፣ ከአፍጋኒስታን ዝርያ መሆኑን አስረዳሁ። በዚህ የምረታቸው መስሎኝ ነበር። ዝርያው የመጣው ከአብዮታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለው ጠየቁኝ። በፊት ነው አልሁ። "ታዲያ የመኳንንት ውሻ ነዋ!" ብለው አስቀመጡኝ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ና ጮኾ አያውቅም። ሌባ ቢመጣ አሻግሮ ያየዋል እንጂ አይናገረውም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ መጮህ ሳስተምረው ሰነበትሁ። ግቢ ውስጥ በእጄና በጉልበቴ ተንበርክኬ ፊት ለፊቱ "ው! ው!" እላለሁ። እሱ በሐዘኔታ አየት ያደርገኝና ፊቱን ያዞራል። ይህን ጊዜ በአጥሩ በኩል ጎረቤታችን መሪጌታ ቢያድግልኝ አዩኝ። በደሴት ገዳም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። አልጋነሽን ጠሯትና ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ሳይብስበት ጠበል እናስገባው፤ እንዲህ የሚያስጮኸውን እኔ አውቀዋለሁ" አሏት። የውሻውን ጉዳይ ብትነግራቸውም አላመኗትም፤ ሰበብ ፈላጊው መንፈሱ ራሱ ነው አሉ።

ቅዳሜ ዕለት አልጋነሽ ሹሩባውን እንደገና ስትሠራው እንባዋ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ያች ወይ እኔ ወይ ውሻው ያለችው አልጋነሽ! ባይጮህስ አለችኝ። እኔም ጉንጉኑ እንዳይፈታባት ጫፉን ያዝሁላት።

እሑድ ደረሰ። ሌላው ሰው ውሻውን ከአዳራሹ ውጭ አሰረ። እኔ ናን ውጭ ማሰር ፈራሁና ይዤው ገባሁ። ጓድ ደምስ ከምርመራው በፊት አጭር ንግግር አለኝ አሉ። የዚያን ዘመን አጭር ንግግር መቼም ታውቁታላችሁ። ውጭ የታሰሩት ውሾች ይጮኻሉ፤ ሊቀ መንበሩ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እነሱም ከፍ ያደርጋሉ። ውስጥ ያለነው ሙቀቱና ንግግሩ ተባብረውብን አንገታችን ይደፋል፣ ይቃናል፣ ይደፋል። ና ብቻ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መድረኩን ትክ ብሎ ያያል።

ምን እንደሚያይ እኔ አውቃለሁ። ከሊቀ መንበሩ ራስ በላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ አንዲት ድመት ተኝታለች። ድመቷ ከተነሣች ና በሊቀ መንበሩ ላይ ተሻግሮ ነው የሚሄድ። ያን ጊዜ መርዙ ለሁለታችንም ነው። ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምሁ። ደግነቱ ድመቷም ንግግሩን ስትሰማ ስለቆየች እንቅልፏ ከብዶ ነበር።

ጓድ ደምስ ድንገት ጠረጴዛውን መቱት። ሁላችንም ባነንን።

"ጓዶች! ውጭ ያሉት ስብሰባ ይረብሻሉ፤ ውስጥ ያላችሁት ታንቀላፋላችሁ። ይህን ውሻ ተመልከቱ! ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይኑን ከመድረኩ አልነቀለም። ንቃት ማለት ይህ ነው!"

አዳራሹ አጨበጨበ። ድመቷ ነቃች። ና ብድግ አለ። ኮቴን አውልቄ ራሱ ላይ ጣልሁበት፤ ያላየውን አያሳድድምና ተመልሶ ቁጭ አለ። ሊቀ መንበሩ ይህ ይለፍ አሉ። ውጭ ያሉትንም ጩኸታቸው ስላስመረራቸው፣ ቶሎ ውሰዱልኝ፣ ስለ መርዙ ወደፊት እንነጋገራለን ብለው በተኑን። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተነሥቶ አያውቅም።

በደስታ እየዘለልሁ ነው ቤቴ የደረስሁት። አልጋነሽ ውሻውን አቅፋ ሳመችው፤ እኔን የሳመችኝ ከእሱ በኋላ ነው። መሪጌታ ጠበላቸውን በጠርሙስ እንደያዙ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

"ጮኸ?" አሉኝ።

"አልጮኸም፣ የኔታ።"

"ታዲያ በምን ተረፈ?"

"ዝም ብሎ በመቀመጡ።"

መሪጌታ ግራና ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አደረጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እኛስ በምን የተረፍን መሰለህ፣ ልጄ?"