አራት ዓመት ስልክ ሲመርጡ የኖሩት ክቡር አማካሪ

ሰው በሚሠራበት ቤት ሁሉ ስልክ ሊገዛ የተቃረበ አንድ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ነገ ሲል ዓመት ይዞርበታል። ስለ ስክሪን ስፋት፣ ስለ ካሜራ፣ ስለ አንድሮይድና አይፎን ልዩነት ከሻጮቹ በላይ ያውቃል፤ ከኪሱ የሚወጣው ግን ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚበልጥ፣ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ በፕላስተር የተያዘ ስልክ ነው።

የእኛ ማተሚያ ቤት በዚህ በኩል አልተበደለም። ምድር ቤት፣ ከወረቀት መቁረጫው ማሽን አጠገብ፣ ክቡር አማካሪያችን ነበሩልን። ክቡርነቱን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ በዕድሜ እኔን ቢበልጡ በሁለት ዓመት ነው። እኔ ፎቅ ላይ አራሚ ነኝ። ዓይኔ በፊደል ሲደክም ወደ እሳቸው እወርዳለሁ፤ እሳቸውም የአዲስ ስልክ ወሬ ሳያስይዙኝ አይመልሱኝም።

አንድ ቀን ገንዘብ ያዣችን አዲሱን ስልኳን ልታስመርቅ ወረደች። ክቡርነታቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተቀበሏት። ገለበጡት፣ መዘኑት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት።

"ቆንጆ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይቀረዋል።"

"ምን?"

"አንቺን አይመለከትም። ላንቺ ይበቃል።"

ምስኪን፣ ሳምንቱን ሙሉ ያንን ስልክ በጥርጣሬ ስታየው ከረመች።

ሌላ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው አስጠሯቸው። ሊያባርሯቸው ነው ብለን ደረጃው ሥር ተኮለኮልን። ለካ ሥራ አስኪያጁም ስልክ ሊገዙ ኖሯል! የቱ ሲስተም፣ አንድሮይድ ወይስ አይፎን፣ እንደሚሻል ሲጠይቋቸው ክቡርነታቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ "መጀመሪያ የሚናፍቁዎት ሰዎች ምን ዓይነት እንደያዙ ይንገሩኝ" አሏቸው። ሥራ አስኪያጁ ማኅተም ባለበት ወረቀት የዘመዶቻቸውን ዝርዝር ሲጽፉ አረፈዱ።

ከሁሉ የሚያስቀን ግን ፈተናቸው ነበር። አዲስ ስልክ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ያውሳቸዋል። ስልኩን የወረቀት ክምር ላይ አስደግፈው ሦስት እርምጃ ወደኋላ ይላሉ፤ ከዚያ ካሜራው ፊት ጣቶቻቸውን እየዘረጉ፣ እየሰበሰቡ፣ አገጫቸውን እየነኩ፣ ቅንድባቸውን እያነሱ ይወራጫሉ። የተቀረጸውን ደግሞ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ያዩታል።

"ጣቱ ተደበላለቀ" ይላሉ። ወይም፣ "ክርኔ ተቆረጠ።"

የማተሚያው ማሽን ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ማንኪያውን ጥሎ እሳቸውን ሲያስመስል ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። አለመሳቄን ብናገር ደስ ባለኝ፤ ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁት ግን እኔ ነኝ።

የእኔ ስልክ ባትሪው አብጦ ከጠዋት እስከ ምሳ አልደርስ ሲለኝ፣ ወግ ነውና እሳቸውን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሻጯ ገና ከበሩ አየቻቸው።

"ጋሼ፣ መጡ? ዛሬም አይገዙም አይደል?"

"ዛሬ ለሱ ነው" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ለእኔ በአምስት ደቂቃ መረጡልኝ። ከዚያ አንድ ሰፊ ስክሪን ያለውን አስወጡና የተለመደውን ፈተና ጀመሩ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ሁለት ሴቶች ተጠቃቅሰው ሳቁ። እኔ አፈርኩ።

"ኧረ በናትህ! ሰው ስልክ የሚገዛው ሊያወራበት ነው፤ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ መወራጨት?"

እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለቀልድ አልሆነኝም።

"እኔም እያወራሁ ነው" አለኝ። "ታናሽ እህቴ መስማት የተሳናት ናት።"

አብሬው ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እህት እንዳለችው አላውቅም ነበር።

ከኪሱ ያንን ትንሹን ስልክ አውጥቶ አሳየኝ። እህቱ ከአራት ዓመት በፊት፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን በሚያስኬድ ከተማ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት መምህርነት አገኘችና ሄደች። እስከዚያ ድረስ አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደጉት። መብራት ሲጠፋ እንኳ ወሬያቸው አይቋረጥም፤ አንዱ በሌላው መዳፍ ላይ ይጽፋል።

"በዚህ ስልክ ፊቷን ሳይ እጇ ይጠፋብኛል፤ እጇን ሳይ ፊቷ። በምልክት ቋንቋ ደግሞ ግማሹ ነገር ፊት ላይ ነው። ቅንድቧን ካላየሁ ትጠይቀኝ ትቆጣኝ በምን አውቃለሁ? አራት ዓመት ሙሉ እየገመትኩ ነው የማወራት።"

"ሲስተሙስ? እሱን ምን ያስጨንቅሃል?"

"እሷ የያዘችው አንድሮይድ ነው። አንድ ነገር ሲጠፋባት የቱን እንደምትነካ የማሳያት እኔ ነኝ። እኔ ጋ የሚታየው እሷ ጋ ካልታየ በምን እጄ ላስረዳት?"

"ታዲያ ይኸው አንድሮይድ፣ ይኸው ሰፊ ስክሪን። ምን ትጠብቃለህ?"

ስልኩን አገላበጠ። 

"እስካሁን ስትርቅብኝ ጥፋቱ የስልኩ ነው እላለሁ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ትልቁን ይዤም ከራቀችብኝስ? ያኔ በማን ላሳብብ?"

ሻጯ ሰምታው ነበር መሰለኝ፣ ሁለቱንም ስልኮች ከእጁ ተቀብላ ሲም ካርዱን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ቀየረችለት። ማሳያው መስታወት ላይ አስደገፈችውና፣ "ይደውሉላት" አለችው።

ደወለ። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት፣ ከኋላዋ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከራሷ እስከ ወገቧ ሙሉ ሆና ብቅ አለች። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም እጃቸውን አላነሱም። ተያዩ ብቻ። ከዚያ እጆቻቸው ተፈቱ። ቅድም የሳቁት ሴቶች አሁን ቆመው ያያሉ። እሱ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል፤ ወይም ያለቅሳል፤ ከኋላው ስለነበርኩ አልለየሁትም።

"ምን አለችህ?" አልኩት።

"ሸብተሃል አለችኝ። 'ማን ፈቅዶልህ ነው?' ትላለች።"

ስልኩን ገዝቶ ወጣ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። በየቀኑ በምሳ ሰዓት የወረቀቱ ክምር ላይ ስልኩን አስደግፎ ያወራታል። የማሽን ሠራተኛው ማስመሰሉን ትቶ፣ "ደህና ዋልሽ" የሚለውን ምልክት ተማረላት። እሱ ግን እየከሳ ሄደ።

"ሙሉ ሆና ስትታየኝ ነው የባሰብኝ" አለኝ አንድ ቀን። "ከንፈሯ ጥግ አዲስ መስመር አለ። እኔ ሳላይ ነው የመጣው።"

በሦስተኛው ወር መልቀቂያ አስገባ። እሷ ካለችበት ከተማ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ቆራጭ ትፈልጋለች ተብሎ ሄደ። ስንሸኘው ገንዘብ ያዣችን አቅፋው፣ ያኔ ከስልኳ ይቀራል ያላት ነገር እጅንና ፊትን አንድ ላይ ማሳየት እንደሆነ አሁን እንደገባት ነገረችው።

አሁን የወረቀት መቁረጫው ላይ ጎበዝ ሰው ተተክቷል። ስለ ስልክ ምንም አያወራም፤ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል። ዓይኔ ሲደክም ግን ከልማድ ደረጃውን እወርድና መሐል ላይ እመለሳለሁ።

ስለዚህ በየዓርቡ እደውልለታለሁ። ዝም ብሎ ናፈቅከኝ ማለት ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይመችም፤ ምክር እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ለአክስቴ ስልክ ልገዛ ነው አልኩት፤ ሰፊ ስክሪን ይሻላታል ወይስ መካከለኛ? አርባ ደቂቃ አስረዳኝ። ቀጥሎ ለአክስቴ ባል። ከዚያ ለሁለቱ አጎቶቼ፣ አንዱ አንድሮይድ አንዱ አይፎን ፈላጊ። ባለፈው ሳምንት ለሚስቴ እናት ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም በትዕግሥት፣ ዓይናቸው እንዴት እንደሆነና ማን እንደሚናፍቃቸው እየጠየቀ መረጠላቸው።

መጨረሻ ላይ፣ "ይህን ያህል ዘመድ ያለህ አይመስለኝም ነበር" አለኝ።

አክስት የለኝም። አጎትም የለኝም። ሚስትም አላገባሁም።

"ኧረ ብዙ ነን" አልኩት።