የበረዶ ኮሚቴው የቆረጠው የመውለጃ ቀን

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የተከበረ ኮሚቴ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ቆሞ መስማት ነውር ነው።

በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ባለችው ደሴታችን የበረዶ ኮሚቴ የሚባል አለ። በየክረምቱ ሐይቁ ረግቶ መኪና የሚሸከም በረዶ ሲሆን፣ ሞተሯ የወጣ አሮጌ መኪና ጎትቶ በረዶው ላይ ያቆምና፣ ፀደይ ሲመጣ በየትኛው ቀን እንደምትሰምጥ አስቀድሞ ያውጃል። እስካሁን አንድም ጊዜ አልሰመረለትም። ጥፋቱ የመኪናዋ እንደሆነ ግን በየዓመቱ በቃለ ጉባኤ ይረጋገጣል።

ሎርና ያረገዘችው ባሏ ኬርሚት የዚህ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኖ በተሾመ ሰሞን ነው። የወር አበባዋ ቀን ጠብቆ ስለማይመጣ ከዚያ ተነስቶ መቁጠር አልተቻለም። ስለዚህ ገና በጠዋቱ፣ ሐይቁ ሳይረጋ፣ በጀልባ ተሻግራ በአልትራሳውንድ ታየች።

«ኤፕሪል አጋማሽ ገደማ ትወልጃለሽ» አለቻት ሐኪሟ። «ሳምንት ሊቀድም፣ ሳምንት ሊዘገይም ይችላል።»

ሎርና ደነገጠች። ኤፕሪል አጋማሽ ማለት በረዶው ለመኪና የሳሳ፣ ለጀልባ ደግሞ የወፈረ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ደሴቲቱ ላይ ሆና ምጥ ቢይዛት የሚያሻግራት የለም። አስቀድማ ብትሻገር ደግሞ ኬርሚት አብሯት ካልሄደ ብቻዋን ልትወልድ ነው። እሷ የፈለገችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ሐኪም ያለበት ዳርቻና የባሏን እጅ።

ኬርሚት ግን ሎርናን ይዞ ሄዶ ጉዳዩን ለኮሚቴው አቀረበው። ሊቀመንበሩ ሚስተር ቶርቫልድ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር የሚያወልቁት ለከባድ ነገር ብቻ ነው።

«ሐኪሟ ስትለካው ጽንሱ ምን ያህል ነበር?»

«የባቄላ ፍሬ ያክላል ብላለች» አለች ሎርና።

«ባቄላ!» አሉ ሚስተር ቶርቫልድ፣ ወደ ጉባኤው ዞረው። «በረዶ የባቄላ ውፍረት ሲኖረው ለክቶ መኪና የነዳበት ሰው ዛሬ ከዓሣ ጋር ነው የሚኖረው። ልኬት ሲወፍር ነው፣ ልጄ፣ ሲወፍር!»

«ጽንስ እኮ በረዶ አይደለም፣ ሚስተር ቶርቫልድ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እኩል ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ የሚታመነው የያኔው ልኬት ነው። በኋላማ አንዱ እናቱን፣ ሌላው አባቱን እየመሰለ ይለያያል አለችኝ።»

«ሐኪም ያውቃል፤ ኮሚቴ ግን ይወስናል።»

«ይወስን። የበረዶ መለኪያ መሰርሰሪያችሁን ይዛችሁ እንዳትጠጉኝ እንጂ።»

ኮሚቴው ሆዷን ከሩቅ በጥንቃቄ ተመለከተ። «ገና ስስ ነው» ተባለ። ስለዚህ ሎርና ሜይ አንድ ቀን፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ጀልባ በሚነሳበት ዕለት፣ በማርሽ ባንድ ታጅባ ተሻግራ እንድትወልድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ኬርሚትም ፈረመ።

ማርች ላይ፣ በረዶው ገና መኪና ሲሸከም፣ ሎርና ሻንጣዋን ዘጋች።

«ወዴት ነው?» አለ ኬርሚት።

«ማዶ፣ አክስቴ ቡላ ዘንድ። አንተም ጫማህን አድርግ።»

«ውሳኔው ላይ ፈርሜያለሁ እኮ፣ ሎርና።»

«ጋብቻችንም ላይ ፈርመሃል።»

«ኮሚቴውን ይጠራጠራል ይሉኛል!»

ሎርና ሻንጣዋን መኪናቸው ላይ ጫነች። ኬርሚትም በበረዶው ላይ መንገዱን ለማመልከት በተተከሉት ያለፈው የገና በዓል ዛፎች መሃል ነድቶ አሻገራት፣ ግንባሯን ሳማት፣ ወደ ሥልጣኑም ተመለሰ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ኮሚቴ ግን እያስፈረመ ነው።

ኤፕሪል ገባ፤ በረዶው ጠቆረ። የኮሚቴው መኪና ባልተፈቀደላት ቀን ሰመጠች። ወሩ እኩሌታ ላይ ደግሞ የኬርሚት ስልክ ጮኸ።

«ስማው» አለች ሎርና፣ በደከመ ድምፅ። በስልኩ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ መጣ። ኬርሚት ወደ ዳርቻው ሮጠ፤ ማዶ የአክስቷ ቤት መብራት ይታየዋል። አንድ እግሩን በረዶው ላይ ቢያሳርፍ እስከ ጉልበቱ ገባ። እዚያው ቁጭ ብሎ ከልጁ ጋር አለቀሰ።

ኮሚቴው ግን በእንባ አይመራም። አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ «ሕፃኑ የታየው ከፕሮግራም ውጭ ስለሆነ፣ እስከ ሜይ አንድ ድረስ እንዳልተወለደ ይቆጠራል» ሲል ወሰነ። ኬርሚትም አፍንጫውን እየጠረገ ጻፈው።

ሜይ አንድ ደረሰ። የመጀመሪያዋ ጀልባ ኮሚቴውን ከነጸሐፊው ከኬርሚት፣ ባንዱንና ትልቅ ኬክ ይዛ ተነሳች። የሐይቁ ነፋስ የክብር እንግዶቹን በሙሉ እያስነጠሰ አሻገራቸው። ሎርና ልጇን ታቅፋ በሩን ከፈተች።

«እንኳን በሰላም ተገላገልሽ!» አሉ ሚስተር ቶርቫልድ። «ልጅሽ ዛሬ በይፋ... እንጥሽ! ... ተወልዷል።»

«ዛሬ ነው?»

«በሙሉ ድምፅ!»

«እንግዲያው ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ሎርና። «ዛሬ የተወለደ ሕፃን ፊት ጉንፋን የያዘው ሰው አይቀርብም። ኬክ እዚያው ደጅ ላይ ቅመሱ።» ቀጥላም ባሏን አየችው። «አንተስ? የየትኛው ልጅ አባት ነህ? የዛሬው ከሆንክ ከነሱ ጋር ቁም።»

ኬርሚት ሊቀመንበሩን አየ፤ ልጁን አየ።

«የኤፕሪሉ» አለ።

«ግባና እጅህን ታጠብ። የምትለውጠው ሽንት ጨርቅ አለ።»

በሩ ተዘጋ። ኮሚቴው ደጁ ላይ እያስነጠሰ ተሰበሰበ። ሆኖም ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ ውስጥ ልጁን ታቅፎ ስለነበር፣ ጉዞው በይፋ እንዳልተደረገ ተቆጠረ፤ ባንዱም ያልተደረገውን ጉዞ በሙዚቃ አጅቦ መለሳቸው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አደራችሁን፣ የሰማችሁትን ሁሉ ብትረሱ አልቀየማችሁም። አንድ ቀን ሐኪም «ገደማ» ስትላችሁ ግን፣ ያቺን ትንሽ ቃል በልባችሁ አስቀምጡልኝ።