ሻምበል ባሻ ዲበኩሉ እና የተሰናባች ወታደሮች ኢንሹራንስ

በየከተማው የሌላውን ሰው ሞት ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። የእኛ የመቱዎቹ ክቡር ሻምበል ባሻ ዲበኩሉ ናቸው።

ሻምበል ባሻ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለው፣ ጡረታቸውን አስከብረው ወደ መቱ ከተመለሱ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሌላው ጡረተኛ ቡና ይተክላል፣ ንብ ያረባል፣ እሱም ካልሆነለት ጎረቤቱን ይከሳል። እርሳቸው ግን ለራሳቸው ግዳጅ ሰጡ፦ ከሠራዊቱ የሚሰናበተውን የኢሉባቦር ልጅ ሁሉ የሕይወት ኢንሹራንስ ማስገባት። የኢንሹራንስ ወኪል አይደሉም። ከዚህ የሚያገኙት ሰባራ ሳንቲም የለም። እንዲያውም አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ "እባክዎ ሻምበል ባሻ፣ ሰውየው ምሳውን እንኳ ይብላ" ብሎ ሲለምናቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ፎቶኮፒ ቤቴ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ ዘዴያቸውን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ። አውቶብስ በሚገባበት ሰዓት ካኪ ኮታቸውን ቆልፈው በር ላይ ይቆማሉ። የወታደር ሻንጣ የያዘ ሰው ሲወርድ እናቱ አቅፋው ሳትጨርስ እርሳቸው ይደርሳሉ።

"እንኳን ደህና መጣህ። ወራሽህ ማን ነው?"

ልጁ ደንግጦ እናቱን ያያል። እናትየው "ልጄ ምን ሆነ?" እያለች ትዳስሰዋለች።

"ምንም አልሆነም" ይላሉ ሻምበል ባሻ በእርጋታ። "ገና ነው።"

"ጥይት ሳተኝ ማለት ሞት ረሳኝ ማለት አይደለም" የምትል አባባል አለቻቸው። በሠርግ ላይ ለሙሽራው ብለዋታል። በክርስትና ላይ ለሕፃኑ አባት ብለዋታል። አንድ ክረምት የያዮው ሚኒባስ ገደሉ ጫፍ ላይ ጭቃ ይዞት ስንንጠለጠል፣ ሌላው ሰው ጸሎት ሲያደርስ እርሳቸው ሾፌሩን "ለመሆኑ አገልግለሃል?" አሉት።

ሰው ከያዙ ሦስት መንገድ ያስረዳሉ። በጣታቸው እየቆጠሩ፣ "አንዱ የጊዜ ገደብ ያለው ነው፤ ለአሥር ዓመት ገባህ እንበል፣ በአሥሩ ውስጥ ከሞትክ ለቤተሰብህ ይከፈላል፣ ካልሞትክ እሰየው፣ ኖረሃል። ሁለተኛው ቁጠባ ያለበት ነው፤ ብትኖርም የምትወስደው አለህ፣ መዋጮው ግን ጠንከር ይላል። ሦስተኛው እስከ ዕድሜ ልክህ ነው" ይላሉ። "እድር አለኝ" የሚል ሞኝ ከተገኘ ደግሞ ደማቸው ይፈላል። "እድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ልጅ አያስተምርም!"

እኔም ዘጠኝ ዓመት የመገናኛ ሬዲዮ ይዤ የተንከራተትኩ ተሰናባች ነኝና ለሦስት ዓመት ሸሸኋቸው። በመጨረሻ "ሬዲዮ፣ ዛሬ ትገባለህ ወይስ ወንበር ላምጣ?" ብለው ሱቄ ውስጥ ተቀመጡ፤ ደንበኛ መምጣት ሲያቆም ፈረምኩ። ወራሼ ባለቤቴ ሴና ናት። ከዚያ ወዲህ ሴና "አይታክትህም እንዴ፣ ትንሽ ዕረፍ" ስትለኝ በጥርጣሬ አያታለሁ።

የሁሩሙው አብደታ ግን ከሁላችንም ከባዱ ነበር። አሥር አለቃ አብደታ ስምንት ዓመት አገልግሎ ተመለሰ። ለጡረታ የሚያበቃ ዘመን ስላልሞላ የአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብሎ ነው የወጣው። ባለቤቱ ተጂቱና ሦስት ልጆቹ አሉ፤ ኑሮው ትንሽ ቡናና ከረጃጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅላቸው ቀፎዎች ናቸው። ሻምበል ባሻ ቀፎው የት እንደሚሰቀል ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። አራት የገበያ ቀን ተከታትለው ሁሩሙ ወረዱ።

በአራተኛው እኔም ለወረቀት ሥራው ተጎትቼ ሄድኩ። ተጂቱ በር ላይ ቆማ ነበር።

"ጋሼ፣ ባሌ ጦር ሜዳ ሆኖ እንኳ እንዲህ ያለ ሟርት ሰምቼ አላውቅም" አለች። "በቁሙ ሞቱን ልትጽፉበት ነው?"

"ሞቱን አይደለም የምጽፈው ልጄ፤ ስምሽን ነው" አሉ ሻምበል ባሻ።

አብደታ ሰውየውን ለመገላገል ብሎ ወረቀቱን ተቀበለ። የጊዜ ገደብ ያለውን መረጠ። ሞልቶ ሲመልስ ሻምበል ባሻ መነጽራቸውን አደረጉና ለረጅም ጊዜ አነበቡ።

"አብደታ፣ ወራሽ በሚለው ላይ አብደታ ብለሃል።"

"አዎ። ንብረቱ የኔ አይደለም?"

"አንተው ሞተህ አንተው ልትወርስ ነው?"

ተጂቱ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። ስሟ ተጻፈ። ስንወጣ ግን አልተሰናበተችንም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አብደታ ማር ሊቆርጥ ከወጣበት ዛፍ ወደቀ። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ እስከ መንገድ፣ ከዚያ በሚኒባስ መቱ ሆስፒታል አደረሱት። ሻምበል ባሻ ሰምተው እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ተጂቱ ልጆቿን ሰብስባ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ስታያቸው ብድግ አለች።

"ጠርተው አመጡበት! ይበቃል ስንልዎት ጠርተው አመጡት!"

ሻምበል ባሻ ባርኔጣቸውን አወለቁና ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። ሦስት ቀን እዚያው ዋሉ። ትንሿን ልጅ ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ ሐኪም ሲያልፍ እየተነሱ፣ ምግብ ከቤታቸው እያስመጡ። በሦስቱም ቀን ኢንሹራንስ የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሳውቃቸው እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አብደታ ነቃ። ዳሌው ተሰብሯል፣ ጎኑ ተጎድቷል፣ ነፍሱ ግን አለች። ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ ሻምበል ባሻ ላይ አረፈ።

"ጋሼ" አለ በደከመ ድምፅ፣ "አልሞትኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ዝም በል፣ ባለጌ!" አሉ ሻምበል ባሻ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በመሐረባቸው ሸፈኑ። ተጂቱ ውኃ ቀድታ ሰጠቻቸው።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ከሻምበል ባሻ ጋር ተቀምጠን ሳለ አብደታ በምርኩዝ፣ ተጂቱ ማር የሞላ ማሰሮ ይዛ ገቡ። ማሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ይህ ለእርስዎ ነው። የመጣሁት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው" አለች። "እኔም ልገባ ነው።"

"ምን ውስጥ?"

"ኢንሹራንሱ ውስጥ ነዋ። ያን ሦስት ቀን አግዳሚው ላይ ልጆቼን እያየሁ እርስዎ በሬ ላይ ያሉኝን ሳስብ ነበር። እሱ ተኝቶ አራት ወር ቤቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ። እኔ ብሆንስ የወደቅኩት?"

ሻምበል ባሻ በአሥር ዓመት ውስጥ ስለ ሚስቶች ሞት አንድም ቀን አስበው አያውቁም።

"አንቺ እኮ... ወታደር አይደለሽም" አሉ።

"እሱን ስምንት ዓመት የጠበቀው ማን ነው?"

ሻምበል ባሻ ቅጽ አወጡ። ተጂቱ የጠየቋትን እየመለሰች ሳለ በመሃል ቀና አለች።

"እርስዎስ የትኛውን ገቡ?"

አሥር ዓመት ስንተዋወቅ ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም። ሻምበል ባሻ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

"እኔን አልተቀበሉኝም" አሉ። "ስሰናበት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስሰማ ዕድሜው ሄዷል፣ ስኳሩም ገብቷል። ለዘውደነሽ ከጡረታዬ የሚደርሳት አይጠፋም፤ አትራብም። ልጅ ግን የለንም። እኔ ከሌለሁ በሯን የሚያንኳኳ ማን ነው?"

ወይዘሮ ዘውደነሽ ባለቤታቸው ናቸው፤ ሆስፒታል ይመጣ የነበረውን ምግብ ያበሰሉት እርሳቸው ነበሩ።

"ኑቲ ጅራ" አለች ተጂቱ በኦሮምኛ። ለማረጋገጥ ያህል በአማርኛ ደገመችው፦ "እኛ አለን።"

አብደታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም "አለን እንጂ!" ስል ራሴን ሰማሁት።

ሻምበል ባሻ ሦስታችንንም በየተራ አዩን። መነጽራቸውን ጠረጉ።

"ይህ ሽፋን በጽሑፍ ነው?" አሉ።

ነጭ ወረቀት አወጣሁና "ወይዘሮ ዘውደነሽ ብቻቸውን አይቀሩም" ብዬ ጻፍኩ። ተጂቱ ፈረመች፣ አብደታ ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ። ሻምበል ባሻ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ቀን አልጻፋችሁበትም" አሉ።

ጻፍንበት።